ከቀረጥ ነፃ ሲባል ከማን ቀረጥ?

ማርታ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ሰመር ገብቷል፣ ሰርጉ ተደራርቧል። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከዲሲ ተነስቶ በመኪና ቶሮንቶ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። እኔም የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለብኝ፣ የፊታችን አርብ እንነሳለን።

ዮናስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይነዳል፣ ቀላል መንገድ አይደለም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ መንገዱ ሳይሆን ባፋሎ ጋ፣ አሜሪካንና ካናዳን የሚያገናኘው ድልድይ፣ ፒስ ብሪጅ አጠገብ ስላሉት ሱቆች ነው።

ማርታ፦ ዲውቲ ፍሪዎቹ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚሸጡት።

ዮናስ፦ አዎ። በየወገኑ አለ፣ በአሜሪካም በካናዳም በኩል። ባለፈው ዓመት ሰርግ ሄጄ ስመለስ የገጠመኝን ልንገርሽ። አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ፒስ ብሪጅን ተሻገርን። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ጠዋት ተነሳን፣ ምክንያቱም ሰኞ ሥራ አለ። 4 ሰዓት ላይ ከድልድዩ በፊት የካናዳው ሱቅ ገባሁና ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውስኪ ገዛሁ፣ ለአጎቴ ደግሞ አንድ ስቴካ ሲጋራ። ገንዘብ ተቀባዩን ጠየቅኩት፣ ይሄን ያህል ማሳለፍ እችላለሁ ወይ አልኩት። ችግር የለውም፣ ከቀረጥ ነፃ ነው አለኝ።

ማርታ፦ እሺ።

ዮናስ፦ ድልድዩን ተሻግሬ የአሜሪካው መኮንን ፊት ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ውስኪው አይደለም። ስንት ቀን ቆየህ አለኝ። ከአርብ ማታ ጀምሮ አልኩት። ምን ገዛህ አለኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀት ጻፈና ወደ ውስጥ ግባ አለኝ። ልጆቹ መኪና ውስጥ እንቅልፋቸው መጥቶ፣ ባለቤቴ ደንግጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የከፈልኩት ሃያ ዶላር ገደማ ነው፣ ብሩ ብዙ አይደለም። ግን ከቀረጥ ነፃ ተብሎ የተሸጠልኝ ዕቃ ላይ ቀረጥ ስከፍል ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ማርታ፦ እና አሁን ገባህ?

ዮናስ፦ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩት። ሱቁ ነፃ የሚያደርግሽ ከሚሸጥበት አገር ግብር ብቻ ነው። የካናዳው ሱቅ የካናዳን ግብር ይተውልሻል። የምትገቢበት አገር ግን ምንም ቃል አልገባልሽም። እሱ የራሱ ልክ አለው፣ የራሱ ሰዓት አለው።

ማርታ፦ ነገሩ የተጀመረው አየርላንድ ነው አይደል? ሻነን ኤርፖርት፣ በ1947። አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ነዳጅ ሊሞሉ እዚያ ያርፉ ነበር። መንገደኛው ዕቃውን ይዞት ስለሚወጣ አገሩ ውስጥ አይጠጣውም፣ ታዲያ ለምን የአገሩን ግብር ይክፈል ነው ሐሳቡ።

ዮናስ፦ ልክ ነሽ። መኪና ላይ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀናት ቆይቶ ነው የሚመለሰው። በመኪና ጠዋት ሄደሽ ማታ ትመለሻለሽ። ለዚህ ነው ሁለቱም አገሮች ሰዓት የሚቆጥሩት።

ማርታ፦ ሰዓቱን በደንብ እንናገረው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ነዋሪ እንጀምር።

ዮናስ፦ አሜሪካ የምትኖሪ ከሆነና ካናዳ 48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየሽ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገቢያለሽ። እሱ ውስጥ አንድ ሊትር መጠጥ፣ 200 ሲጋራ፣ ማለትም አንድ ስቴካ፣ እና 100 ሲጋር አለ። ይሄ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ነው። 48 ሰዓቱ ካልሞላ ወይም በዚያው ወር ተጠቅመሽበት ከሆነ ወደ 200 ዶላር ይወርዳል፣ መጠጡ 150 ሚሊ ሊትር፣ ሲጋራው 50 ብቻ ይሆናል።

ማርታ፦ 150 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የቡና ስኒ ተኩል፣ ሁለት ስኒ ቢሆን ነው። የታሸገ ጠርሙስ አይሆንም።

ዮናስ፦ እኔ 36 ሰዓት ነበርኩ። 12 ሰዓት ነው የጎደለኝ። ሌላም ስህተት ነበረብኝ፣ ቢሞላልኝም ኖሮ አላልፍም ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ሊትር እንጂ ሁለት ጠርሙስ አይደለም የተፈቀደው። ደግሞ የጠርሙሱን ልክ አላየሁም። ካናዳ ውስጥ 1.14 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አለ፣ የድሮው 40 አውንስ ነው። ለካናዳ ነዋሪ የተፈቀደው የውስኪ መጠን ልክ ያ ነው። አንቺ ግን ያንኑ ጠርሙስ ይዘሽ አሜሪካ ስትገቢ አንዷም ብቻዋን ከአንድ ሊትር ትበልጣለች።

ማርታ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። መደርደሪያው ላይ ቆንጆ ሆኖ ተደርድሮ የሚሸጥ ጠርሙስ ልክ ይሆናል ብሎ ነው ሰው የሚያስበው። አሁን ቶሮንቶ ያሉት ወገኖቻችን ያድምጡ፣ የነሱ ሕግ ከኛ ይጠብቃል። አሜሪካ ደርሰው ከ24 ሰዓት በታች ቆይተው ከተመለሱ ምንም ነፃ መብት የላቸውም። 24 ሰዓት ከሞሉ 200 የካናዳ ዶላር አላቸው፣ ግን መጠጥና ትምባሆ አይገባበትም። 48 ሰዓት ከሞሉ ነው 800 ዶላሩ ከነመጠጡ ከነሲጋራው የሚፈቀደው።

ዮናስ፦ መጠኑስ?

ማርታ፦ ወይ 1.5 ሊትር ወይን፣ ወይ 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወይ 8.5 ሊትር ቢራ፣ ያ 24 ጣሳ ነው። ከሦስቱ አንዱን ነው እንግዲህ፣ ሦስቱንም አይደለም። ሁለት ባለ 750 የወይን ጠርሙስ ልክ ይገባል። ሁለት ባለ 750 ውስኪ ግን አይገባም። ሲጋራ 200 ነው። ሲጋራው ላይ አንድ ነገር አለ፣ በካናዳ ቀረጥ ተከፍሎበታል የሚል ማኅተም ከሌለው፣ 200ው ውስጥ ቢሆንም ልዩ ቀረጥ ይጠየቅበታል።

ዮናስ፦ የአክስቴ ልጅ ሚሲሳጋ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ጠዋት ባፋሎ ገበያ ሄዶ ማታ ሲመለስ፣ በአሜሪካ በኩል ካለው ሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዛ። ደረሰኙ ርካሽ ነው። የካናዳ ጉምሩክ ቀረጡን፣ የአውራጃውን የመጠጥ ክፍያ ደማምሮ ሲያስከፍለው ሰፈሩ ካለው የመንግሥት መጠጥ መሸጫ ቢገዛ ይሻለው ነበር። ደግነቱ ተናግሯል፣ አልደበቀም።

ማርታ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያልተናገርከው መጠጥና ሲጋራ ካናዳ ውስጥ ከተገኘ ይወረሳል፣ አይመለስም። መኪናውም ሊያዝ ይችላል፣ ለማስለቀቅ ቅጣት ትከፍላለህ። ኔክሰስ ካርድ፣ ማለትም ድንበር በፍጥነት ማለፊያ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ካርዱን ያጣል። ብዙ ሰው ፈርቶ ነው የሚዋሸው፣ ተንኮል አስቦ አይደለም። ትርፍ ይዤ ነው፣ ይቀሙኛል ብሎ። ግን ትርፍ መያዝ ወንጀል አይደለም። ትናገራለህ፣ ትከፍላለህ፣ ታልፋለህ።

ዮናስ፦ እኔ ሃያ ዶላር ከፍዬ ሁለቱንም ጠርሙስ፣ ስቴካውንም ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

ማርታ፦ ስለ ዋጋው ልጠይቅህ፣ ዲውቲ ፍሪ በርግጥ ይረክሳል?

ዮናስ፦ በመጠጥና በሲጋራ ይለያያል። አስልቼዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ 40 በመቶ አልኮል ባለው አንድ ሊትር ውስኪ ላይ ያለው የፌዴራል ግብር 2 ዶላር ከ85 ሳንቲም ገደማ ነው። ኒውዮርክ ግዛት የምትጨምረው 1 ዶላር ከ70 አካባቢ። ሁለቱ ተደምረው አምስት ዶላር አይሞሉም። ስለዚህ የአሜሪካው ሱቅ ውስኪውን አሥራ አምስት ዶላር ቀነስኩ ካለሽ ያ ቅናሽ ከነዚህ ግብሮች ብቻ የመጣ አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ሰፈርሽ ካለው ሱቅ ጋር አመሳክሪ። ሲጋራ ሌላ ነው። አንድ ፓኮ ላይ የፌዴራሉ 1 ዶላር ከ1 ሳንቲም፣ የኒውዮርኩ 5 ዶላር ከ35 ነው። በስቴካ ስታባዢው 63 ዶላር ከ60 ይመጣል። ግብሩ ያለው እዚያ ነው።

ማርታ፦ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ስቴካ አምጡልኝ የሚለው። እኔ አባቴን በሳንባ ካንሰር ነው ያጣሁት፣ ሲጋራ አይለየውም ነበር። ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ሁሉ ስቴካ ይዞለት ይመጣ ነበር፣ እንደ አክብሮት። ሕጉን መናገር ሥራችን ነው፣ ተናግረነዋል። ግን ለምትወዱት ሰው ስጦታ ስትመርጡ እሱን ብትተዉት ደስ ይለኛል።

ዮናስ፦ ለአጎቴ ከዚያ በኋላ አላመጣሁም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ማርታ፦ ሲጋርስ? ቶሮንቶ ሱቆች ውስጥ የኩባ ሲጋር በግልጽ ይሸጣል።

ዮናስ፦ ካናዳ ውስጥ ሕጋዊ ነው። ወደ አሜሪካ ግን ከመስከረም 2020 ወዲህ የኩባ ሲጋርና የኩባ ሮም ይዞ መግባት ተከልክሏል፣ ለራሴ ነው ብትዪም። ከዚያ በፊት ለጥቂት ዓመታት ተፈቅዶ ስለነበር አሁንም የሚፈቀድ የሚመስላቸው አሉ።

ማርታ፦ አንድ የኛ ነገር ደግሞ አለ። ጠጅ። አክስቴ ለሰርጉ ጠጅ ጥላለች፣ በጄሪካን ይዛው ልትሻገር ነው። ቤት የተጣለ ስለሆነ የሚቆጠር አልመሰላትም።

ዮናስ፦ ይቆጠራል። ካናዳ ከ0.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሁሉ እንደ መጠጥ ነው የምታየው፣ ሱቅ ይሸጥ ቤት ይጣል። ጠጅ ደግሞ የማር ወይን ነው፣ ስለዚህ ልኩ 1.5 ሊትር ነው። ጎብኚም ቢሆን መጠኑ ያው ነው፣ ሰዓት ብቻ አይቆጠርበትም። ከዚያ በላይ የሆነው ይከፈልበታል። አክስትሽ ጄሪካኑን ይዘው መኮንኑ ፊት ቆመው የአልኮሉን መጠንና ዋጋውን ሲያስረዱ ይታየኛል፣ በጣም ይከብዳቸዋል።

ማርታ፦ ጌሾውንና ማሩን ይዛ ሄዳ እዚያው ትጣል እንዳልል ቀን የለም።

ዮናስ፦ ማርም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ቶሮንቶ ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ሞልተዋል፣ ከነሱ ይታዘዝ። ልጆችሽ አብረው ይሄዳሉ?

ማርታ፦ ትልቁ ሃያ ዓመቱ ነው፣ እሱም ይመጣል።

ዮናስ፦ እንግዲያው ተጠንቀቂ። ኦንታሪዮ ውስጥ 19 ዓመት ከሞላው መጠጥ መግዛት ይችላል፣ ሕጋዊ ነው። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን 21 ካልሞላው አንድ ጠርሙስ እንኳ በስሙ ማስገባት አይችልም። ቤተሰቡ አራት ነን፣ አራት ሊትር ይገባናል እንዳትሉ።

ማርታ፦ ሁለት ነን ማለት ነው፣ እኔና ባሌ። ሁለት ሊትር።

ዮናስ፦ 48 ሰዓቱ ከሞላ። ሌላ አንድ ነገር፣ ወደ ካናዳ ስትሄጂ በአሜሪካው ሱቅ የምትገዢው ዕቃ እዚያው እንዲቀር ነው የሚሸጥልሽ። ለሙሽሮቹ ስጪው። መልሰሽ ይዘሽው ከመጣሽ ያ የነፃ መብትሽ ውስጥ አይገባም፣ ቀረጥ ይጠየቅበታል።

ማርታ፦ ወደ ሜክሲኮ የሚሻገሩትስ? ሳን ዲዬጎ ያሉ አድማጮቻችን ጽፈውልናል።

ዮናስ፦ ከሜክሲኮ ሲመለሱ 48 ሰዓት አይጠየቅም፣ የ30 ቀኑ ግን አለ። ቴክሳስ ውስጥ ግዛቱ ራሱ ድልድዩ ላይ ሠራተኛ አቁሞ የመጠጥና የሲጋራ ግብር ይሰበስባል፣ ለመጀመሪያዋ ሊትርም ቢሆን። እሱን ሌላ ቀን በሰፊው እናየዋለን።

ማርታ፦ እሺ። የኔን አብረን እንቁጠረው። አርብ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ብንነሳ፣ ምሳ በልተን፣ ድልድዩ ጋ 10 ሰዓት እንደርሳለን።

ዮናስ፦ የምትሻገሪበትን ደቂቃ ስልክሽ ላይ ጻፊው። የድልድዩን ክፍያ ማስረጃም አትጣይ።

ማርታ፦ ከአርብ 10 ሰዓት እስከ እሁድ 10 ሰዓት 48 ይሆናል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መልስ አለ፣ እዚያ ምሳ በልተን 8 ሰዓት ላይ ብንወጣ ድልድዩ ጋ 10 ሰዓት አካባቢ ነው የምንደርሰው።

ዮናስ፦ አካባቢ አይበቃም፣ 9 ከ50 ከደረስሽ አልሞላም። ግማሽ ሰዓት ጨምሪበት።

ማርታ፦ 8 ተኩል እንወጣለን። ባሌን አሁኑኑ ልደውልለት።