የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ማን ይገዛል? ከገላን እስከ ለገጣፎ

[ምስል፦ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደው መንገድ፣ ማለዳ]

ተራኪ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቃሊቲን አልፎ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከሚያልፉት የቤት አውቶሞቢሎች መካከል የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየጨመረ መጥቷል፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ጤፍና መለዋወጫ የጫነው ፒክአፕ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚሄደው በናፍጣ ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ፈላጊ ማን እንደሆነ፣ ፍላጎቱስ ከምን እንደሚመነጭና በምን እንደሚገታ ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ አስቀድሞም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ የጉምሩክ ቀረጡን ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ አድርጎ ነበር፤ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ቀረጥ አይከፈልበትም ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ብር ሲዳከም፣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣው ነዳጅ ለእያንዳንዱ ባለ መኪና ይበልጥ ከበደ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች አንድ ላይ ሆነው የቤት አውቶሞቢሉን ገበያ ገፍተውታል። ፒክአፑን ግን በዚያው መጠን አልገፉትም፤ ምክንያቱም ፒክአፕ የሚገዙት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም የሚያሰሉበት መንገድ የተለያየ ነው።

አስቀድመን ግን ነገሩ በስፋት ወደተሞከረበት ወደ አሜሪካ እንሻገር።

[ምስል፦ የፎርድ ላይትኒንግ እና የቴስላ ሳይበርትራክ ፎቶግራፎች]

ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ የተባለውን ፒክአፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ቅድመ ምዝገባ አግኝቶ ነበር። በ2024 ዓመቱን ሙሉ በአሜሪካ የሸጠው ግን 33,510 ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነውን ሞዴል ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። ሳይበርትራክም በ2019 ሲተዋወቅ ከ39,900 ዶላር ይጀምራል ተብሎ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ርክክብ ሲጀመር ከ60 ሺህ ዶላር በታች የሚሸጥ አልተገኘም። ለመመዝገብ የተጠየቀው መቶ ዶላር ነበርና ተመዝጋቢ ሁሉ ገዢ ይሆናል ብሎ መጠበቁ ከመጀመሪያውም የዋህነት ነበር። ሌላው እንቅፋት ከባድ ተጎታች መሳብ ነው፤ ነፃ ሞካሪዎች ደጋግመው እንዳሳዩት ባትሪው ያለ ተጎታች የሚያስኬደው ርቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በገላን በፒክአፑ ጀልባ የሚስብ ሰው ስለሌለ፣ ይህን የአሜሪካ ሥጋት እንዳለ ተበድረን ብንጨነቅበት ትርፉ ድካም ነው።

ከአሜሪካ ልምድ ልንወስደው የሚገባን፣ ለራሱ የሚገዛው ሰውና ድርጅት ለአንድ ዓይነት መኪና የሚሰጡት ዋጋ እጅግ መራራቁን ነው። ግለሰብ የሚገዛው በዓመት አንዴ ለሚያጋጥመው ረጅም ጉዞ ነው፤ ድርጅት የሚገዛው በየዕለቱ ለሚደጋገመው ጉዞ ነው።

ይህን በእኛው መንገድ ላይ እንፈትነው። ለምሳሌነት የምንወስደው አይሱዙ ዲ-ማክስ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ነው፤ የመረጥነው አይሱዙ በአገራችን የታወቀ ስም ስለሆነና አሃዞቹ ግልጽ ስለሆኑ ብቻ ነው። የባትሪው አቅም 66.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በአውሮፓው መለኪያ አንዴ ተሞልቶ እስከ 263 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የመጫን አቅሙ ከአንድ ቶን ትንሽ ይበልጣል፤ በእኛ አነጋገር አሥር ኩንታል ማለት ነው። አሃዞቹን ስናካፍል ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

[ምስል፦ ካርታ፤ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን]

በለገጣፎ የሚኖር፣ እህል ከደብረ ብርሃን እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ አለ እንበል። ደርሶ መልሱ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወረቀት ላይ መኪናው ያደርሰዋል፣ ይመልሰዋልም። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አሥር ኩንታል ተጭኖ፣ በደጋው ብርድና በንፋሱ፣ ያች 263 የምትባለው ቁጥር እየሟሸሸች ትሄዳለች። ይህም ሆኖ ነጋዴውን የሚያስጨንቀው የዘወትሩ መንገድ አይደለም፤ ሌሊት ለቅሶ ተነግሮት ቤተሰቡን ጭኖ ወደ መንዝ መሄድ ቢኖርበትስ? ያ ቀን በዓመት አንዴ ቢመጣም መኪናውን የሚገዛው ያን ቀን እያሰበ ነው። ይህንን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ከአንድ በላይ መኪና ለሌለው ሰው ትክክለኛ ሒሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነጋዴው የሚያስበው ሌላ ጉዳይም አለ። በአገራችን መኪና ከመጓጓዣነቱ ባሻገር የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ያረጀ ሃይሉክስ እንኳ ተፈላጊ ሆኖ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ደላላውም የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይገምተዋል። የባትሪን ጤንነት ግን በጆሮ ሰምቶ የሚገምት ደላላ የለም። አምራቾች ለባትሪ በተለምዶ የስምንት ዓመት ዋስትና ቢሰጡም፣ ከአምራቹ ወኪል ውጭ በሆነ መንገድ ለገባ መኪና ያ ዋስትና እዚህ መከበሩ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ግለሰቡ የሚፈራው ስንት ይገዛል ከሚለው ይልቅ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይገዛኛል የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ድርጅቱ እንለፍ፤ ጉዳዩ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነውና።

[ምስል፦ የመጋዘን ግቢ፤ በተርታ የቆሙ ፒክአፖች]

በቃሊቲ ግቢ ያለው፣ አሥር ፒክአፕ የሚያሰማራ አንድ አስመጪ ድርጅት እናስብ። መኪኖቹ ጠዋት ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወርደው፣ ሰነድና ቀላል ዕቃ ይዘው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሳሌያችን ሒሳብ ይህ ወደ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከሞጆ ወደ ቃሊቲ ሲመለሱ መንገዱ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ጭነቱን ጨምሮ 3.5 ቶን የሚመዝን መኪና ለዳገቱ ብቻ ተጨማሪ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ድምሩ 35 ነው፤ የባትሪው ግማሽ ገደማ። በፈጣን መንገዱ ላይ እግሩን የማያነሳ ሾፌር ቢኖር እንኳ ማታ ግቢ ለመግባት የሚበቃ ይተርፋል።

የስምሪት ኃላፊው ነገ የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ ዛሬ ያውቃል፤ ማታ ሁሉም አንድ ግቢ ያድራሉ፤ ለቅሶ የሚሄድበት የለም፤ ድንገት ጎንደር መሄድ ቢያስፈልግ የናፍጣው መኪና አለ። የነዳጅ ወጪውም ቢሆን በግልጽ ይነጻጸራል፦ አንድ የናፍጣ ፒክአፕ ለ100 ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር ገደማ ሲያቃጥል፣ የኤሌክትሪኩ በቻርጅ ጊዜ የሚባክነውን ጨምሮ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ከቆጣሪ ይወስዳል። ሁለቱንም በዕለቱ ዋጋ ማባዛት የድርጅቱ ሒሳብ ሹም ሥራ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መደረጉን ግን አብሮ ማስላት ይኖርበታል። ማደያ ሰልፍ ላይ የሚጠፋው የሾፌር ሰዓትም በዚያው ሒሳብ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል፤ ብዙ ድርጅት ይህን አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ እምብዛም የማይነሳ አንድ ጥቅም ልጨምር። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ወደ ሱሉልታ ሽቅብ ሲወጣ የሚያቃስተውም በከፊል ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታው ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ከጉልበቱ ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የአዲስ አበባ አየር ጠባይም ለባትሪ ይስማማል፤ የሰሜን አውሮፓ ክረምትም ሆነ የአፋር ሙቀት የለም።

[ምስል፦ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር]

ድርጅቱን የሚገታው ግን መኪናው ሳይሆን ግቢው ነው። አሥሩ ፒክአፖች ማታ የሚሞሉት 350 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ሥራ ጨርሰው እንደገቡ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢሰኩ ግቢው በአንድ ጊዜ 70 ኪሎ ዋት ይጠይቃል፤ ያውም ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበትና መብራት በሚያበራበት ሰዓት። በአንጻሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በየተራ ቢሞሉ 40 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከ100 ኪሎ ዋት የማይበልጥ የሚያቀርብ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመርን ከመጋዘንና ከወፍጮ ቤት ጋር ለሚጋራ ግቢ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። በተራ የግድግዳ ሶኬት የሚታሰብም አይደለም፤ 2 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ሶኬት ያን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፌዝ መስመርና የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄ ከመኪናው ግዢ በፊት መቅረብ አለበት፤ መኪናው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መስመር መጠየቅ መኪናን በግቢ አቁሞ አቧራ ማልበስ ይሆናል።

በጨረታ ሰነድ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ሌላው ነጥብ የመሰኪያው ዓይነት ነው። ከቻይና ገበያ በቀጥታ የሚመጡት መኪኖች የቻይናውን መሰኪያ ይዘው ሲመጡ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ መሰኪያ አላቸው፤ ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው የገዛ ድርጅት ሁለት ዓይነት ፈጣን ቻርጀር ለማቆም ይገደዳል።

በመጨረሻም ብዙዎች የኤሌክትሪክ ሃይሉክስ እስኪመጣ እንታገሥ ይላሉ። መኪናው ተሠርቷል፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ባስተዋወቀው አዲሱ ሃይሉክስ ውስጥ 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ ሞዴል ይገኛል። የመጫን አቅሙ ግን 715 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ሰባት ኩንታል። በናፍጣው ሃይሉክስ ከተፈቀደው በላይ መጫን ለለመደው የለገጣፎ ነጋዴ ይህ ቁጥር አይዋጥለትም፤ ሰነድ፣ ሁለት ሠራተኛና ጥቂት ካርቶን ይዞ ከሞጆ ለሚመለሰው የቃሊቲ ድርጅት ግን ሰባት ኩንታል ይተርፈዋል።