«በቤንዚን ባጥበውስ?»፦ ስለ ሞተር ብስክሌት ሻንሲ ቀለም የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የሞተር ብስክሌታቸውን ሻንሲ በቤታቸው ለመቀባት የተነሡ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የቀለም ባለሙያው የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ዕቃዎቹን ሳላወርድ በላስቲክ ሸፍኜ ብቀባ ይሆናል?

አይሆንም። ሽቦና ቱቦ የተጋደመበት ቦታ ሁሉ ሳይቀባ ይቀራል፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ከመፍታታችሁ በፊት የሽቦዎቹን አካሄድ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የነዳጁን ታንክ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ከምትሠሩበት ቦታ አርቁ።

ስንት ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ልግዛ?

ለዝገቱ 80፣ የእሱን ጭረት ለማጥፋት 180 ከዚያም 320፣ ከአንቲረስቱ (ከቀለሙ በፊት ከሚቀባው የዝገት መከላከያ) በኋላ በውኃ 600።

የድሮው ቀለም ላይ ብደርብስ?

የድሮው ቀለም ብረቱን አጥብቆ ከያዘ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን ከመቀመጫው ሥር፣ ዐይን በማያየው ቦታ ጥቂት ረጭታችሁ ጠብቁ። ከተሸበሸበ ሁለቱ ቀለሞች አይስማሙም፤ እስከ ብረቱ ፍቃችሁ አንሡት። የተላጠውን ቦታ ጠርዝ ስታለሰልሱ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በአውራ ጣት ዳብሱት። ጣታችሁ እርከን ከተሰማው ገና አላለቀም፤ ቀለሙ ሲያርፍበት ያ እርከን ከሩቅ ይታያል። ቀለም ችኮላ አይወድም።

ግራሶውንና ዘይቱን በቤንዚን እያጠብኩ ነው። የምሠራው ጓዳ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ችግር አለው?

አለው ልጄ፤ ስልኩን ስትዘጋ ቤንዚኑን ያስቀመጥክበትን ዕቃ ወደ ውጭ አውጣ።

ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ በመስኮቱ አይወጣልህም። ወለሉን ይዞ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ በበሩ ሥር ያልፋል፣ ሌላ ክፍል ገብቶ ምድጃ ያገኛል። እኔ ዘንድ ሥራ ይማር የነበረ አንድ ልጅ እቤቱ እንዳንተው ቡሎን በቤንዚን ሲያጥብ ምድጃው ያለው ከግድግዳው ማዶ ነበር። እሳቱ የመጣው መሬት ለመሬት ነው። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ተቃጠለ፤ ዛሬም ጣቶቹ አጥብቀው አይጨብጡም። ምድጃ ባይኖርስ? የመብራት ማብሪያ፣ የማቀዝቀዣ ሞተር፣ ከብረት መፍጫ የምትፈናጠር ብልጭታ፣ ማንኛቸውም ይበቁታል።

እሳቱን ብናልፈው እንኳ ቤንዚን ውስጥ የደም ካንሰር የሚያመጣ ቤንዞል የሚባል ኬሚካል አለ፤ በሳንባም በቆዳም ይገባል። ለቀለሙም ቢሆን አይበጅም። ደርቆ ሲያበቃ ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ቀለሙ እዚያ ላይ ሲያርፍ ክብ ክብ ቀዳዳ እየከፈተ ይሸሻል።

እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብሩሽ እጠቡት። ሲደርቅ፣ ውጭ ሆናችሁ፣ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀውን የቅባት ማስለቀቂያ በንጹሕ ጨርቅ ቀቡትና ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ከብርጭቆ ወረቀቱ በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ ታሹታላችሁ። እሱም ቢሆን ይቀጣጠላልና ከእሳት አርቁት። የተነከረውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ አትወርውሩ፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ቀለሙ እየወረደ እንባ ይሠራብኛል።

ተጠግታችሁ ትረጫላችሁ፤ ትቸኩላላችሁም። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ እጃችሁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ተጫኑ። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፣ አንቲረስቱ ከሥሩ ይታያችሁ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ጠብቃችሁ ድገሙት። የወረደውን በእርጥቡ አትንኩት፤ ሲደርቅ በ600 አስተካክሉት።

ጣሳው ቀዝቅዞ በደንብ አልረጭ ሲል ምድጃ አጠገብ ባስቀምጠውስ?

በፍጹም! ጣሳው ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩትና ሁለት ደቂቃ ነቅንቁት። ተንና እሳት አታገናኙ ብያለሁ።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ክሊር፣ ቀለሙ ላይ የሚደረበውን አንጸባራቂ ሽፋን፣ በኮምፕሬሰር ልረጭ ነው። የሐኪም ቤት ጭምብል አለኝ።

ያ ጭምብል ተን አይዝም። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሽታው አያስጠነቅቅም፣ አስም ያስይዛል፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭምብልና የቀለም ክፍል ላለው ባለሙያ ስጡት። ተራውን የጣሳ ቀለም ስትረጩም ውጭ ሁኑ፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጉ።

ብየዳው አጠገብ ስንጥቅ አየሁ። በስቱኮ ደፍኜ ልቀባው?

አትቀባው፤ አትንዳውም። ሻንሲ የሚያውቅ በያጅ ዘንድ ውሰደው።

የሻንሲ ቁጥሩንስ?

በቴፕ ሸፍኑት እንጂ አትፋቁት።

መቼ ልገጣጥም?

በእጅ ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዉት፤ አለዚያ ቡሎን ስታጠብቁ ቀለሙ ተጨፍልቆ ይላጣል። ኩሽኔታ የሚቀመጥበትንና የቡሎን ጥርስ ያለበትን ቀዳዳ ከመርጨታችሁ በፊት ሸፍኑ። የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ከሻንሲው የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት ይሁን፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሞተሩ አልነሣ ሲላችሁ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።