አንቀጽ 7 (የጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ለደረደሩት ልጆች ምስጋናዬ ይድረሳቸው። በዓመቱ ያጣናቸውን አባላት ነፍስ ይማርልን። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቀጥሏል። የመረዳጃው ካዝና ዕዳ የለበትም። የዜግነት ፈተና ዝግጅቱም ሁለት ዙር ተሰጥቷል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ።

እኔ ማውራት የምፈልገው እዚህ አሜሪካ ስላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ አንቀጽ 7 ነው። «ለቦርድ የሚመረጥ አባል ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ መሆን አለበት» ይላል። አንድ መስመር ናት። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችን።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ደንቡ ሲጸድቅ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ያኔ ልጆቻችን ጋሪ ላይ ነበሩ። አድገው «እኛስ?» ይላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ባለፈው ምርጫ አንዲት ልጅ የዕጩ ፎርም ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስሟን ጻፈች፣ ስልኳን ጻፈች። «የትውልድ ቦታ» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳች። የተወለደችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። እናቷ እሷን አርግዛ በእግሯ ድንበር የተሻገረች ሴት ናት። «ጋሼ፣ እውነቱን ልጻፍ ወይስ ደንቡ የሚፈልገውን?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሒሳባችንን ሦስት ዓመት በነጻ የያዘችልን እሷ ናት።

«ኢትዮጵያዊነት ቀልድ አይደለም» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ እኛ የምንጠይቀውን አይጠይቅም። የ1922ቱ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያም ይወለድ ውጭ አገር፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ከወላጆቹ አንዱ ይበቃል ይላል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ቢጫ ካርድ የሚሰጠው አዋጅ 270/1994 ደግሞ የትውልድ ሐረጉን እስከ ቅድመ አያት ይቆጥራል። እኛ ከመንግሥት በልጠን አጠበቅነው።

ሌላም ጉድ አለ። በዚያው በ1996ቱ አዋጅ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቦርዱ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን ቀኝ እጃችንን አንስተን ምለን የአሜሪካ ዜጋ ሆነናል። በወረቀት ከሄድን እኔ ሊቀመንበራችሁ የውጭ አገር ሰው ነኝ! የቀረችኝ ፓስፖርቴ ላይ ያለችው «የትውልድ ቦታ፦ ኢትዮጵያ» የምትል መስመር ናት።

የልጄ ፓስፖርት «ሜሪላንድ» ይላል። እዚህ ሰው «ከየት ነሽ?» ሲላት «ከሜሪላንድ» ትላለች። «አይ፣ ማለቴ መሠረትሽ ከየት ነው?» ይሏታል። እኛ ጋ ስትመጣ ደግሞ «አንቺ እኮ እዚህ ነው የተወለድሽው» እንላታለን። የት ትሂድላችሁ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 የወጣውን የፕሬዚዳንት ትራምፕን ትእዛዝ አስታውሱ። ወረቀት የሌላቸው ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ወላጆች እዚህ የሚወልዷቸው ልጆች በመወለድ ብቻ ዜጋ አይሆኑም የሚለውን። ፍርድ ቤቶች አገዱት፣ ግን ያን ሳምንት ነፍሰ ጡር እናቶች ቢሯችንን አጨናነቁት። ማን ተቀምጦ አስረዳቸው? እዚሁ ተወልደው ሕግ የሚማሩ ሁለት ልጆቻችን። እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው ስለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ስለጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በ1898 በዜግነቱ ጉዳይ መንግሥትን ፍርድ ቤት ስለረታው ስለ ዎንግ ኪም አርክ አስረዷቸው። ወላጆቹ ቻይናውያን ነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ዜጋ መሆን የማይችሉ። ይህን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛ፣ ግን በትዕግሥት። አንዷ እናት ስትወጣ ግንባራቸውን ስማ መረቀቻቸው። ኮራሁባቸው። አንቀጽ 7ን ሳስብ ደግሞ አፈርኩ። ለሥራ እንጠራቸዋለን፣ ወንበሩን እንከለክላቸዋለን። በማመልከቻ ዜጋ የሆነ ሰው ፕሬዚዳንት መሆን አይችልም ብለን ቡና ላይ የምናማርረው እኛው ነን እኮ።

አንቀጹን ለማሻሻል ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠራን። ሁለቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ዋትስአፕ ላይ ግን ጦርነት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሁለት ገጽ መልእክት የሚለቁ ወንድሞቼ ዛሬም እዚህ የሉም። ስም አልጠራም፣ እነሱም ያውቁታል፣ ሚስቶቻቸውም እዚህ ተቀምጠዋል። ወንድሜ፣ ከተቃወምክ ና ተቃወም። እጅህን አውጣና ልይህ። ከተሸነፍኩ እቀበላለሁ። ቤትህ ተቀምጠህ ስብሰባውን በመቅረት መግደል ግን ደግ አይደለም።

ጸሐፊያችን አሁን በወረቀት እንዳሳየኝ፣ ድምፅ ለመስጠት ሰባት ሰው ይጎድለናል። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው የሚያወሩ አይቻለሁ፣ እባካችሁ አንድ ሰው ወጥቶ ይጥራቸው። ስልክ የያዛችሁ ደውሉላቸው፣ ምሳ አለ በሏቸው። እስከዚያው የሒሳብ ሪፖርቱን እንስማ። የገዳሪፏ ልጃችን ናት የምታቀርበው። ነይ ልጄ፣ ማይኩ ይኸው።