ፑልያ ውስጥ የት እንደር?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። የዛሬው ጉዳያችን ፑልያ ነው፤ ካርታ ላይ ጫማ የምትመስለው የጣልያን ተረከዝ። ስለ ምግቡና ስለ ባሕሩ ብዙ ሰው ያወራል። እኔ ግን አንድ ሰው ለዕረፍት ወደዚያ ልሄድ ነው ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው የት አልጋ እንደያዘ ነው። ዕረፍቱ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነውና።

ፑልያ ካርታ ላይ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ከሰሜን ከጋርጋኖ እስከ ደቡብ ጫፍ ሌውካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በሉት። አንድ ቤት ተከራይቶ ሁሉንም ከዚያ እየተመላለሱ ማየት አይቻልም፤ የሞከረ ሰው ዕረፍቱን መሪ ጨብጦ ይጨርሰዋል።

አብዛኛው ሰው ከፎቶ ነው የሚነሣው። ነጭ ቤት፣ መዋኛ ገንዳ፣ የወይራ ዛፍ ያያል፤ ይከፍላል። ከባቡር ጣቢያ እዚያ ድረስ በምን እንደሚሄድ የሚጠይቀው ከከፈለ በኋላ ነው። እባካችሁ ከዚህኛው ጥያቄ ጀምሩ፦ መኪና ይኖረናል ወይስ አይኖረንም?

መኪና ከሌላችሁ ከባሪ ወደ ሌቼ የሚወርደውን ዋናውን የባቡር መስመር አትልቀቁ። 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሪ፣ ፖሊኛኖ፣ ሞኖፖሊ፣ ኦስቱኒ፣ ብሪንዲሲ፣ ሌቼ ሁሉም እሱ ላይ ናቸው። እዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ ኦስቱኒ ነች። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ተቀምጣ ጣቢያው ታች ሜዳ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አውቶቡስ አለ፣ ማታ ግን ይሳሳል። ባሕሩም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያለ መኪና ለሚመጣ ሰው እኔ የምመርጠው ሞኖፖሊን ነው። ከጣቢያው አሮጌው ከተማ ድረስ በእግር ይደረሳል፤ ወደቡ የዓሣ አጥማጅ ወደብ ነው፤ ትንንሽ የመዋኛ ቦታዎችም ከከተማው ግንብ ሥር አሉ። ፖሊኛኖ በፎቶ ታምራለች፣ ነገር ግን በገደሎቹ መካከል ያለችው ታዋቂዋ የባሕር ዳር ጠባብና ጠጠራማ ነች፤ በበጋ ከማለዳው ትሞላለች። ከሞኖፖሊ በባቡር ደቂቃዎች ስለሆነ አይቶ መመለስ ይበቃል።

ወደ አልቤሮቤሎ፣ ሎኮሮቶንዶና ማርቲና ፍራንካ የሚወስደው ባቡር ደግሞ የሌላ ድርጅት ነው፤ ቀስ ይላል፣ እሑድ ቀን አብዛኛው ቆሞ በአውቶቡስ ይተካል። ማቴራም እንዲሁ ነች። ማቴራ በአስተዳደር ፑልያ ውስጥ የለችም፣ የጎረቤቱ የባዚሊካታ ክልል ናት። ከባሪ የሚወስደው ባቡር የሚነሣው ከዋናው ጣቢያ አጠገብ ካለ የራሱ ጣቢያ ነው፤ እሱም እሑድና በዓል መሥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እሑድ የሚጀምር ወይም እሑድ የሚያልቅ ኪራይ ስትይዙ ይህን አስቡ።

መኪና ካላችሁ የኢትሪያ ሸለቆ ይከፈትላችኋል። ትሩሊ የሚባሉት ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች የሚገኙት እዚያ ነው። የአልቤሮቤሎዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለማደር ግን አልቤሮቤሎን አልመክርም፤ ቀን ቀን በአስጎብኚ አውቶቡስ ጎብኚ ትጥለቀለቃለች። ሎኮሮቶንዶ ወይም ቺስተርኒኖ አካባቢ ገጠር ውስጥ ያለ ትሩሎ (አንዱ ቤት ትሩሎ ይባላል) ይሻላል።

ትሩሎ ስትከራዩ ምን እንደምትገቡበት እወቁ። ግድግዳው ያለ ማያያዣ የተካበ ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ በሙቀት ወራት ደስ የሚል ቅዝቃዜ ይሰጣል። ግን ያው ግድግዳ መስኮቱን ትንሽ፣ ክፍሉን ጨለማ ያደርገዋል፤ የስልክ ሞገድም ያዳክማል። ከኖቬምበር እስከ ማርች እርጥበት ይይዛል፤ ጥሩ ማሞቂያ ከሌለው አንሶላው ራሱ የረጠበ ይመስላል። አንዳንዱ ላይ አልጋው ከጣሪያው ሾጣጣ ሥር ቆጥ ላይ ነው፤ መውጫውም መሰላል። አዛውንት ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አልጋው መሬት ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማሴሪያ ማለት ደግሞ የጥንት የእርሻ ግቢ ነው፤ ብዙዎቹ የባሕር ወንበዴ ስለሚፈራ እንደ ምሽግ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ አንዳንዱ ቅንጡ ሆቴል ሆኗል፣ አንዳንዱ አሁንም ወይራ የሚጨምቅ የገበሬ ቤት ነው። ከዋናው መንገድ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በድንጋይ ካብ የታጠረ ጠባብ ፒስታ ነው። የመጀመሪያ ሌሊት በጨለማ አትድረሱ፤ የስልክ ካርታ ወደ ተሳሳተ እርሻ ይወስዳል። ትክክለኛውን የቦታ ነጥብ ከባለቤቱ ተቀበሉ። እራት ግቢው ውስጥ የሚቀርብ ከሆነም ጠዋት መናገር ያስፈልጋል። በፍልሰታ ጾም ወቅት ለምትሄዱ አንድ መልካም ነገር አለ፦ የፑልያ የገበሬ ማዕድ ለጾመኛ ይመቻል። የተፈጨ ባቄላ ከመራራ ቅጠል ጋር የአገሩ ዋና ምግብ ነው፤ ኦሬኪዬቴ የሚባለው ፓስታም በባህሉ ያለ እንቁላል ነው የሚሠራው። ከጎመን ዘር ቅጠል ጋር ሲቀርብ ግን ትንሽ ዓሣ ስለሚጨመርበት መጠየቅ ነው።

ወደ ታች፣ ወደ ሳሌንቶ ስንወርድ ጉዳዩ የነፋስ ይሆናል። ተረከዙ ቀጭን ነው፤ በምሥራቅ አድሪያቲክ፣ በምዕራብ አዮንያን ባሕር። ከሰሜን ትራሞንታና ሲነፍስ አድሪያቲክ ይናወጣል፣ አዮንያን ይረጋል። ከደቡብ ምሥራቅ ሺሮኮ ሲነፍስ ግልባጩ ነው። የአገሩ ሰው ጠዋት ነፋሱን አይቶ ነው ባሕሩን የሚመርጠው። በአንዱ ዳርቻ ላይ ለ7 ሌሊት የተቸነከረ ሰው ግን ሦስት ቀን ማዕበል እያየ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ሌቼ ወይም ወደ መሐል ማልዬ አካባቢ ብታድሩ ሁለቱም ባሕር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። አሸዋ የምትፈልጉ ወደ አዮንያን፣ ወደ ፔስኮሉሴና ፖርቶ ቼዛሬዮ፤ ከኦትራንቶ በታች ግን ባሕሩ ገደልና ዐለት ነው። ማስታወቂያው "ከባሕር 300 ሜትር" ሲል አሸዋ ነው ወይስ ዐለት ብላችሁ ጠይቁ። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ጋሊፖሊ አካባቢ የታየው ዚሌላ የሚባል የዛፍ በሽታ የሳሌንቶን የወይራ ደን ክፉኛ አድርቆታል። ጥላ ያለው ግቢ ከፈለጋችሁ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ተመልከቱ።

ለ7 ሌሊት ሁለት ማደሪያ ይበቃል፤ 4 ሞኖፖሊ ወይም ኢትሪያ፣ 3 ሌቼ። ሦስት ቦታ ካደረጋችሁት ሻንጣ ማሰርና መፍታት ብቻ ነው። ጋርጋኖን በዚህ ላይ አትጨምሩ፤ ቪዬስቴ ከባሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል፣ ለብቻው ይሁን።

ኦገስት ላይ ብዙ አከራይ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አያከራይም። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ የእመቤታችን የዕርገት በዓላቸውና የመላው ጣልያን የዕረፍት ቀን። በዚያ ሳምንት ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ጁን አጋማሽ ወይም ሴፕቴምበር ከቻላችሁ ባሕሩም ሙቅ ነው፣ ክፍሉም ይገኛል። ባሪ ደግሞ ከሜይ 7 እስከ 9 የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ስለሆነ ከተማው ይሞላል።

አሁን ገንዘብ ወደሚያስወጡት ስሕተቶች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ለሸንገን ቪዛ የማደሪያ ማስረጃ ስለምታቀርቡ፣ ቪዛው እስኪመታ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ብቻ ያዙ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በጣልያን ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ሲን (CIN) የሚባል አገራዊ መለያ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ ማሳየት አለበት፤ ቁጥር የሌለውን ተዉት። ባለቤቱ ፓስፖርት ሲጠይቃችሁ አትደንግጡ፣ እንግዳውን ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። የከተማ የቱሪስት ግብር ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ውጭ ነው፣ እዚያው ይከፈላል።

መኪና የያዛችሁ ደግሞ ዜድ-ቲ-ኤልን ተጠንቀቁ። አሮጌ ከተሞች መኪና የተከለከለበት ክልል አላቸው፤ መግቢያው ላይ ካሜራ ተተክሏል። ሰሌዳው ቫርኮ አቲቮ ካለ ክልከላው በሥራ ላይ ነው፣ አትግቡ። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፣ አከራዩ ድርጅትም የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። ቤቱ ክልሉ ውስጥ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥራችሁን ሊያስመዘግብላችሁ ይችል እንደሆነ፣ ካልቻለም የት እንደምታቆሙ በጽሑፍ ጠይቁት። ነጭ መስመር ነጻ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ የተከለለ ነው። የኢትዮጵያም ሆነ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ ይያዝ። አብዛኛው የኪራይ መኪና ማንዋል ካምቢዮ ስለሆነ አውቶማቲክ ብቻ የምትነዱ ቀድማችሁ ያዙ።

ሰዓትም አትርሱ፤ መግቢያ 15 ሰዓት ሲል በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ መውጫው 10 ሰዓት ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። የመልስ በረራችሁ ማለዳ ከባሪ ከሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት ባሪ እደሩ። አየር ማረፊያው ከዋናው ጣቢያ በባቡር 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ከሌቼ ሌሊት ተነሥቶ ያን ሁሉ መንገድ መንዳት አያስፈልግም።