ጥላ የሚሠራ ግድግዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ቤት ፊት ላውራችሁ፤ ከውጭ ስለሚታየው ስለ ግድግዳው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ክዳኑ። በተለይ «ሜዲትራኒያን ስታይል» እየተባለ በየፎቶው ስለምናየው አሠራር።

ፎቶው ላይ ነጭ ግድግዳ አለ፣ ቀይ የሸክላ ክዳን አለ፣ ቅስት ያለው በረንዳ፣ የብረት ፍርግርግ፣ ደጃፍ ላይ ቡገንቪላ አለ። ሰው ፎቶውን ይዞ ግንበኛ ጋ ይሄዳል፣ ግንበኛውም አንድ በአንድ ይሠራለታል። ቤቱ አልቆ ሲታይ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ምን ጎደለው ብዬ ደጋግሜ ሳስበው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ጥላ።

እስቲ ደቡብ ስፔንን፣ አንዳሉሲያን እንውሰድ። ኮርዶባና ሴቪያ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣባቸው ቀኖች አሉ። በጋው ደረቅ ነው፤ ዝናባቸው የሚመጣው በብርዱ ወቅት ነው። የድሮው ቤት ግድግዳ ከድንጋይ፣ ከጡብ ወይም ከተጠቀጠቀ አፈር ይሠራል፤ ውፍረቱ 50፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ወደ ውስጥም ገባ ብሎ ይቀመጣል።

አሁን ይህችን ስሌት ተከተሉኝ። በሰኔ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ኮርዶባ ላይ ወደ 75 ዲግሪ ከፍታ ትደርሳለች። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከግድግዳው ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ያርፍበታል። መስታወቱ ላይ ፀሐይ የለም ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ 29 ዲግሪ አካባቢ ስትሆን፣ ያው 30 ሴንቲ ሜትር የሚጥለው ጥላ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ቤት ይገባል። መጋረጃ የለም፣ ማሽን የለም፤ የግድግዳው ውፍረት ብቻ በበጋ ይከለክላል፣ በብርድ ይፈቅዳል። ያ ዓይን የሚወጋ ነጭ ግድግዳ መሐል ቁጭ ያለው ጥቁር ጥላ፣ ፎቶው ላይ ልባችንን የሚወስደው እሱ ነው።

ዛሬ ግድግዳችን 20 ሴንቲ ብሎኬት ነው፤ የመስኮቱ ፍሬም ደግሞ ከውጭው ልስን ጋር እኩል ይገጠማል። ጥላ ከየት ይምጣ? ቀላሉ መፍትሔ ፍሬሙን ወደ ውስጠኛው የግድግዳ ጠርዝ መሳብ ነው፤ በዚህ ብቻ 10፣ 12 ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። አቅም ካለ ዋናውን ፊት ብቻ ድርብ ግድግዳ አድርጉት፦ 20 ሴንቲ ብሎኬት፣ 5 ሴንቲ ክፍተት፣ ከዚያ 15 ሴንቲ ብሎኬት፣ ሁለቱ በብረት ማሰሪያ የተያያዙ። 40 ሴንቲ ሜትር ሆነላችሁ ማለት ነው። ድርቡ ግን ከመሠረቱ ጀምሮ መታሰብ አለበት፤ ከተገነባ በኋላ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

ይህን ጥልቀት በመስኮቱ ዙሪያ በሚለጠፍ ፎም ለመተካት የሚሞክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ፎሙና ግድግዳው በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ መገናኛቸው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይወጣል፣ በእሷ ውሃ ይገባል። በዚያ ላይ መስኮቱ የሥዕል ፍሬም የለበሰ ይመስላል።

የመስኮቱ ደፍ ላይም አደራ። ድንጋይም ይሁን ኮንክሪት፣ ከግድግዳው ፊት 3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፣ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ከሥሩም ጠርዙን ተከትሎ ቀጭን ቦይ ይቆረጥለት። ቦይዋ ከሌለች ውሃው ከደፉ ሥር ተጠማዞ ግድግዳውን ይይዛል። ነጭ ቤት ላይ ከመስኮት ሁለት ጥግ ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር እንባ ምንጩ ይኸው ነው።

ወደ ነጩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ነውና። ያ ነጭ በፋብሪካ ቆርቆሮ የሚመጣ የፕላስቲክ ቀለም አይደለም፣ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት ይቃጠላል፣ የተቃጠለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈላል፣ ሲረጋ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ግድግዳ ላይ ሲሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የኖራ ቅብ በመድረቅ ብቻ አይጠነክርም፤ አየርም እርጥበትም ይፈልጋል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አንድ እጅ የኖራ ሊጥ፣ ሦስት እጅ ያህል ውሃ፣ ወተት እስኪመስል ይበጠበጥና በወንፊት ይጠለላል። ግድግዳው ቀድሞ በውሃ ይርሳል። ከዚያ በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ሲቀባ ምንም የተቀባ አይመስልም፤ ግራጫ ውሃ ነው፣ ከሥር ያለው ሁሉ ይታያል። ለሳኙ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «አልያዘም» ብሎ ያወፍረዋል። ታገሡት። ቀስ በቀስ ከጠርዙ እየነጣ ይመጣል፣ በማግሥቱ በደንብ ነጭ ነው። እንዲህ በቀን አንድ እጅ እየተባለ በድምሩ ከ3 እስከ 5 እጅ ይቀባል። ወፍሮ የተቀባ ኖራ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ በጠራራ ፀሐይ የተቀባ ደግሞ ሳይጠነክር ደርቆ እጅ ላይ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ከፀሐይ ሸሽታችሁ፣ ጥላውን እየተከተላችሁ ቀቡ። ቀለም ከፈለጋችሁ ኖራ የማያጠፋው የአፈር ቀለም፣ ማለትም ኦክሳይድ ይጨመር፤ ከኖራው ክብደት አንድ አሥረኛ አይለፍ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። የተቃጠለውን ኖራ ስታጠፉም ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስሱ። ሌላው፣ ቀድሞ የፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ኖራ አይዝም። በኖራ ልስን ላይ የፕላስቲክ ቀለም መደረብም ስህተት ነው፤ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣና ቀለሙን እንደ ቆዳ ያሳብጠዋል።

ክዳኑ። የአንዳሉሲያ ሸክላ ግማሽ ቱቦ የመሰለ ነው፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይሰፋል። አንዱ ረድፍ በጀርባው ተኝቶ ውሃውን ይሸከማል፣ ሌላው ተደፍቶ መገናኛውን ይሸፍናል። የጣሪያው ማዘንበል 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር እስከ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። ለቆርቆሮ በተሠራ ሞራሌ ላይ ሸክላ መጫን ጣሪያውን ማጉበጥ ነው። ሸክላው ትውልድ ሊያልፍበት ይችላል፤ ቀድሞ የሚያረጀው ከሥሩ ያለው ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ነው። ስለዚህ በንጣፉ አትቆጥቡ። የታችኛው ረድፍ አፎችም በቡኬት ይደፈኑ፣ ካልተደፈኑ ወፍ ይሰፍርባቸዋል። የሸክላ ቅርጽ ያለው ቆርቆሮ ከሩቅ ያታልላል፤ ከአሸንዳው ጋ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ጠርዙ እንደ ወረቀት ቀጭን ነው፣ እዚያም ጥላ የለም።

አሠራሩ ከአገሩ ወጥቶ በደንብ የተተከለበት ቦታ ካሊፎርኒያ ነው። በ1915 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሳን ዲየጎ ላይ የተካሄደው ኤግዚቢሽን አስተዋወቀው፤ ሳንታ ባርባራ ደግሞ በሰኔ 1925 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ መሐል ከተማዋን በዚሁ መልክ ሠራች። በ1929 ያለቀው የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምን ያህል ባዶ ነጭ ግድግዳ እንደተወለት ልብ በሉ። ባዶው ግድግዳ ጥላውን የሚያሳይ ሰሌዳ ነው።

በነገራችን ላይ ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ የቤታችሁ ልስን ምናልባት በእንጨት ላይ የተለሰነ ስሚንቶ ነው፤ በሦስት እጅ ተለስኖ በድምሩ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከግድግዳው ግርጌ ውሃ የሚያወጣ ቀጭን ብረት አለ። ግቢ ስታስተካክሉ አፈር ወይም ንጣፍ እንዳይቀብረው፤ ከአፈር 10፣ ከንጣፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከተቀበረ ከውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ግን ስሌቱ ይለወጣል። እኛ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን፤ በሰኔ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከራሳችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። የሚያስቸግረው የጠዋትና የማታው ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ መስኮት ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመጣ የግድግዳ ውፍረት አያድነውም፣ መዝጊያ ወይም በረንዳ ይፈልጋል። ዝናባችንም ሌላ ነው። የኮርዶባ ክዳን ከግድግዳው ብዙም አይወጣም፤ ያንን እዚህ ብትደግሙት በአንድ ክረምት ነጩ ግድግዳ ከታች ጭቃ ይለብሳል። የክዳኑን ጠርዝ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አውጡት፣ ግርጌውንም ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ አልብሱት። ፒያሳ አካባቢ የነበሩት የድሮ ቤቶች ሰፊ በረንዳና ረጅም የክዳን ጠርዝ የነበራቸው ለዚህ ነው። ግቢ ዙሪያ የተሠራ፣ በኖራ የተቀባ ቤት ለማየትም ስፔን መሄድ አያሻም፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ አለ።

ስለ ቅስት አጭር ነገር ልበል። አንድ ይበቃል፣ ቢበዛ አንድ ረድፍ። የሚሸከመው ዓምድ ቀጭን ከሆነ ቅስቱ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ስጡት። ከኋላው ያለው በረንዳም ጠረጴዛና ወንበር እንዲይዝ 2 ሜትር ተኩል ይጥለቅ።

ኖራ ለመቀባት ያሰባችሁ፣ ሙሉውን ግድግዳ ከመጀመራችሁ በፊት ጓሮ በኩል 1 ሜትር በ1 ሜትር ሞክሩ። አራት እጅ ቀብታችሁ ሁለት ሳምንት ተዉት፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ውሃ ርጩበት። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ብዙ ካልነጣ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ እለፉ። ደህና ሁኑ።