ዳዊቱን ድገሚልኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ እናቴ ዳዊት፣ ስለ መዝሙረ ዳዊት መጽሐፏ ላወራችሁ ነው።

እናቴ ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት እንሄድ ነበር። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ይፈጃል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሂሳብ እደምራለሁ። የዚህ ሳምንት ከየት ይመጣል? ከማን ልበደር? መጸለይ አቅቶኝ ነበር። "ጌታ ሆይ" ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ዳዊቷን ከነማኅደሩ ሰጠችኝ። "ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ ድገሚልኝ" አለችኝ።

ልብ በሉ፣ አንብቢልኝ አላለችም። ዳዊት ይደገማል ነው የምንለው። ልጅ ሆኜ ይሄ አይገባኝም ነበር። የትናንቱን ዛሬ ምን ያስደግማል እል ነበር።

150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይይዛል። በቀን አንድ ንጉሥ ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጀመርኩት እንደ ስለት ነው። እኔ ከደገምኩ እሷ ትድናለች ብዬ።

በሁለተኛው ቀን 12ኛው መዝሙር ላይ ደረስኩ (በብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች 13 ነው)። "አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ይላል። በቃ፣ አለቀስኩ። ለወራት እግዚአብሔርን ልለው ፈርቼ የዋጥኩት ቃል ነበር። ማማረር እምነት ማጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጸሎት ነው።

12ኛው መጨረሻው ደስታ ነው። 87ኛው ግን (በብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች 88 ነው) ወደ ደስታ አይመለስም። ወዳጄንም ዘመዴንም ከእኔ አራቅህ ብሎ ያልቃል። ማጽናኛ የለውም። ግን እሱም ተራው ሲደርስ ይደገማል፣ አይዘለልም። ብዙ ያሰብኩበት እዚህ ላይ ነው። መጥፎ ቀኔን ይዤ እግዚአብሔር ፊት መቆም እንደምችል ያሳየኝ ይሄ መዝሙር ነው።

ልቤ የማይገኝባቸው ቀናት ነበሩ፣ ብዙ። ለንስሓ አባቴ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ንጉሡ ከከበደሽ አንዷን መዝሙር ያዢ። ሰዓቱን ግን አትልቀቂ" አሉኝ። አልለቀቅኩም።

ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴት አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አንድ ጠዋት "እህቴ፣ እስቲ ለእኔም እንዲሰማኝ ከፍ አድርጊው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለታችን ሆነ። ገንዘቡ አልሞላም፣ ፍርሃቱም አልሄደም። ግን የሌላ ሰው ሕመም መስማት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ አልዳነችም። ካረፈች ዓመት ሊሆናት ነው። ስለቱን ግን ያኔ ረስቼዋለሁ። በቀብሯ ማግስትም ሰዓቴን ጠብቄ ደግሜያለሁ።

ዳዊቱ አሁን አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። ነገ ጠዋት 9ኛው ንጉሥ ነው፣ 87ኛው ያለበት። ደህና ሁኑልኝ።