ብሉሞንትን ለምን አንለቅም፦ የዲስክ ጎልፍ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉት፣ ድፎውን ለጋገሩት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የክብር እንግዳ የለንም፤ ስለዚህ ምስጋናውን እዚህ ላይ ላብቃ።

የሠራነውን ቶሎ ልበል። ለጀማሪ የሚውሱ ዲስኮች ገዝተናል። የልጆች ቅዳሜ ተጀምሯል። የሚታጠፍ ቅርጫት አለን፣ በፋሲካ ሽርሽር ላይ ያያችሁት ነው። ፓርኩ ውስጥ ቆሻሻ ለቅመናል። ሌላም አለ፣ ጸሐፊያችን ጽፋ በየጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች፣ አንብቡት። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ነው የማወራው።

ዛሬ ከቤተሰብ ጋር የመጣችሁ አዲሶች ግራ እንዳትጋቡ ጨዋታውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዲስክ ጎልፍ ማለት ከመነሻው ቲ ላይ ሆኖ ዲስክ መወርወር፣ ወደወደቀበት ሄዶ ከዚያው እንደገና መወርወር፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ከአንድ ቲ እስከ ቅርጫቱ ያለው አንድ ሆል ይባላል። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። በቃ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ብሉሞንት ይብቃን የሚል ወገን ተነሥቶብናል። የአርሊንግተኑ ብሉሞንት ፓርክ 9 ሆል ብቻ ነው፣ አጭር ነው፣ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ወደ በርክ ሌክ እንሂድ፣ እዚያ 18 ሆል አለ ይሉናል። እኔ በርክ ሌክን አልጠላም። ጫካው ያምራል፣ ክንድ ላለው ሰው ይመቻል፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን የማኅበሩ ቤት እዚያ ይሁን ማለት ሌላ ነገር ነው።

እስቲ እዚህ የተቀመጠውን ሰው እዩት። ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረ አለ። ከሆስፒታል ፈረቃዋ ወጥታ በቀጥታ የመጣች አለች። ፓርኪንግ ላይ የሚሠራ፣ ኤርፖርት የሚሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለተኛ ሥራው የሚጠብቀው አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ታዲያ ለዚህ ሰው ግማሽ ቀን የሚበላ 18 ሆል ስጡት፤ አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ አታዩትም። 9 አጭር ሆል ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያልቃል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሼዎቻችንም እየተጨዋወቱ ይጨርሱታል። ሁሉንም ሆል በፓር 3፣ ማለትም ጎበዝ ሰው በሦስት ውርወራ ይጨርሰዋል ብለን ብንቆጥረው 27 ነው። እዚህ ካለነው ውስጥ 27 ገብቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የልጅ መጫወቻ የተባለውን ገና አላሸነፍነውም።

ሌላም አለ። ጀማሪ ሰው ረጅም ሜዳ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚያምረው ድራይቨር ነው፣ ጠርዙ ስስ የሆነው፣ ፈጣኑ ዲስክ። አብዛኛው ዲስክ ላይ አራት ቁጥር ታትሟል፣ የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። ትልቁ ድራይቨር 12 ወይም 13 ይላል፣ ፓተር፣ ለቅርብ ውርወራ የሚሆነው ቀርፋፋው ዲስክ፣ 2 ወይም 3። ያ ድራይቨር በደንብ የሚበረው የሚፈልገውን ፍጥነት ስትሰጡት ነው። የጀማሪ ክንድ አይሰጠውም። ስለዚህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከደረቱ ገልብጦ ሲወረውረው ዲስኩ ገና ሳይርቅ ወደ ግራ ታጥፎ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ሦስቴ እንዲህ ሲሆንበት ይሄ ነገር ለኔ አይደለም ብሎ ይሄዳል። አጭር ሜዳ ላይ ፓተር ስጡት። ቀጥ ብሎ ይሄድለታል፣ በሁለተኛው ውርወራ ቅርጫቱ አጠገብ ይደርሳል፣ ሦስተኛው ሰንሰለቱን ሲያንሿሿው የሚያደርገውን ፊት አይታችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ይህ ማኅበር የበዛው እንዲህ ነው።

ጨዋታውን እዚህ ያደረሰው ኤድ ሄድሪክ የሚባለው ሰውዬም የመጀመሪያውን ሜዳ የተከለው በፈረንጆቹ 1975 ካሊፎርኒያ፣ ላ ካንያዳ ፍሊንትሪጅ፣ ኦክ ግሮቭ በሚባል የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ነው። በዓመቱ የባለሙያዎቹን ማኅበር ፒዲጂኤን መሠረተ። ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫትም የሱ ሥራ ነው። (በ2002 ሲሞት ደግሞ በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ይሄን መጀመሪያ የነገርኳችሁ ቀን ግማሻችሁ አማተባችሁ።) በር ያለው፣ መግቢያ የሚከፈልበት ክለብ ውስጥ አልጀመረውም። ሰው ልጁን ይዞ በሚንሸራሸርበት ፓርክ ነው የጀመረው። እኛ ምን ሆንን ብለን ነው የምንኮራው?

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። አጭሩን ሜዳ የሚንቁት ሰዎች አንድ ሳይቀሩ የተማሩት እዚያው ብሉሞንት ላይ ነው። ዛሬ አልመጡም። የራሳቸውን ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተዋል፣ መዋጮ አቁመዋል፣ የቆሻሻ ለቀማው ቀን አንዳቸውም አልነበሩም። እቁቡ ከደረሰው በኋላ መክፈል እንደሚያቆም ሰው ሆኑብን። ይህ ንግግር ተቀድቶ እንደሚላክላቸው አውቃለሁ፣ ስለዚህ በቀጥታ ልናገራቸው። ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። የመጀመሪያ ፓተርህን ያዋሰህ ማን ነው? ዲስክህ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ሁላችንም ቆመን እንጨት እየወረወርን ነው ያወረድንልህ። ማንም ቶሎ በል አላለህም። አንተ ግን በዚህ ሰመር አንዲት ጀማሪ እህታችን ከፊትህ ሆና ስትዘገይ ያልካትን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እሷን መልሰህ ብታመጣልኝ መዋጮህን እኔ እከፍልልሃለሁ።

ደግሞ እዚያ አጭር ሜዳ ላይ ድራይቨር የሚያስወነጭፉ ሰዎች! ፓርኩ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ያልፋል፣ ጋሪ የሚገፋ እናት አለ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር አለ። ሰው እስኪያልፍ መጠበቅ ግዴታ ነው። ካመለጣችሁ ደግሞ «ፎር!»፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው፣ ብላችሁ ጩኹ፣ አታፍሩ። አንድ ሰው ብንመታ ማኅበሩ ያኔውኑ አለቀለት።

ሕግ የምታጠብቁ ወገኖችም አላችሁ። ከቅርጫቱ 10 ሜትር ክልል ውስጥ ሆኖ የወረወረ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ ሳይቆም ወደፊት ማለፍ አይችልም፣ ትክክል ናችሁ። ግን ይህን የስምንት ዓመት ልጅ ላይ አንሥቶ እስኪያለቅስ መከራከር ምን ይባላል? በልጆች ቅዳሜ ላይ ይህ እንዳይደገም።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አላስቸግራችሁም። የሚውሱት ዲስኮች አብዛኞቹ ፎር ማይል ረን የሚባለው ጅረት ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ውኃው ሲሞላ ይወስዳቸዋል። አዲስ ለመግዛት የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ያው ሰው ነው። እባካችሁ በዲስኩ ጀርባ ላይ የማኅበሩን ስልክ በማርከር ጻፉ፤ የኛን ዲስክ አግኝተው ደውለው የመለሱ የማናውቃቸው አሜሪካኖች አሉ። ፈረንጁ ደውሎ ሲመልስ የኛ ሰው የተዋሰውን ዲስክ መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል። እሱም እዚህ ቢሆን ጥሩ ነበር።

የማቀርበው ይህ ነው። በየወሩ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ቅዳሜ ብሉሞንት ላይ፣ ሁላችንም፣ ጎበዙም ጀማሪውም በፓተር ብቻ። በሌሎቹ ቅዳሜዎች በርክ ሌክ መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ መኪና ተጋርቶ፣ የተኮራረፈ ሳይሆን የተስማማ ሆኖ። መዋጮው አንድ ነው። ጎበዝ የሆነ ሁሉ ደግሞ አንድ ጀማሪ ይያዝ፣ ሰውየው ብቻውን መምጣት እስኪጀምር ድረስ።

እጅ በማውጣት እንወስናለን። ያልመጡት ድምፅ በስልክ አንቀበልም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሒሳብ ያዣችን በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ዜል ትቀበላለች፣ ካሽም ትቀበላለች። ምሳ የሚቀርበው ከድምፁ በኋላ ነው።